የፓምፕ ፍጥነትና የቤት ማሞቂያ

በጀርመንና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ብዙ መኖሪያ ቤቶች በብርዱ ወራት የሚሞቁት በሙቅ ውሃ ነው። ቦይለር ያሞቀውን ውሃ ፓምፕ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ይገፋዋል፤ ውሃውም ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ለመሆኑ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ቢሆን፣ ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ለማንሣት ስንት ዋት ያስፈልገዋል?

መልሱ «ምንም» የሚል ነው። ዑደቱ ዝግና በውሃ የተሞላ ስለሆነ፣ በአንዱ ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ክብደት በሌላው የሚወጣውን ያመዛዝነዋል። ለፓምፑ የሚቀረው ሥራ የቧንቧዎቹን ሰበቃ ማሸነፍ ብቻ ነው።

ይህን በቁጥር እንመልከት። ቤቱ 8,400 ዋት ሙቀት ይፈልጋል፤ ውሃው በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ወጥቶ በ50 ይመለሳል እንበል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 4,200 ጁል ያህል ስለሚሰጥ፣ የሚያስፈልገው ፍሰት፦

8,400 ÷ (4,200 × 20) = 0.1 ኪሎ ግራም በሴኮንድ

ማለትም 0.1 ሊትር በሴኮንድ ነው። ሰበቃውን ለማሸነፍ 20,000 ፓስካል ግፊት ቢያስፈልግ፣ ለውሃው የሚሰጠው ኃይል 20,000 × 0.0001 = 2 ዋት ብቻ ይሆናል። ቋሚ ፍጥነት የነበራቸው ብዙዎቹ ነባር ፓምፖች ግን ከ50 ዋት በላይ ይወስዱ ነበር።

የፓምፕ ሕግጋት ሦስት ናቸው። ፍሰት ከፍጥነት ጋር፣ ግፊት ከፍጥነት ካሬ ጋር፣ ኃይል ደግሞ ከፍጥነት ኪዩብ ጋር ይመጣጠናሉ። ስለዚህ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ግማሽ፣ ግፊቱ ሩብ፣ ለውሃው የሚሰጠው ኃይል አንድ ስምንተኛ ይሆናል።

ታዲያ ቤቱ ይቀዘቅዛልን? የራዲያተሩ ሙቀት በውሃው አማካይ ሙቀትና በክፍሉ ሙቀት ልዩነት ልክ ነው ብለን ብናቃልለውና ክፍሉ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ስሌቱ 7,000 ዋት ይሰጠናል። ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ በ37 ዲግሪ ገደማ ይመለሳል። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ሙቀቱ የቀነሰው በአንድ ስድስተኛ ብቻ ነው።

የዘመኑ ፓምፖች በዚህ ይጠቀማሉ። ክፍሎች ሞቀው የራዲያተሮቹ ቫልቮች ሲጠብቡ፣ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያው የፍሰቱን መቀነስ ተረድቶ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ድግግሞሽ ያወርዳል። ኃይል ይቆጠባል፤ በቫልቮቹ ላይ የሚሰማው ፉጨትም ይጠፋል። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የእነዚህን ፓምፖች ብቃት በደንብ ወስኗል።

ሆኖም ሕጉን ያለ ቦታው እንዳናውለው እንጠንቀቅ። በአዲስ አበባ ውሃን ወደ ጣሪያ ታንከር የሚያወጣ ፓምፕ በእርግጥ ክብደት ያነሣል። ከፍተኛ የማንሣት አቅሙ 20 ሜትር፣ ታንከሩ ያለበት ከፍታ 15 ሜትር ቢሆን፣ ፍጥነቱን ወደ 80 በመቶ ብናወርደው አቅሙ 20 × 0.64 = 12.8 ሜትር ይሆናል። ሞተሩ ይዞራል፤ ውሃው ግን አይደርስም። እንግዲህ ፍጥነትን ከመቀነሳችን በፊት ፓምፑ የሚታገለው ከሰበቃ ጋር ነው ወይስ ከከፍታ ጋር ብለን እንጠይቅ።