ማዕበል ከመድረሱ በፊት፤ ለባልባላ ሕዝብ የሚጠቅም ትምህርት

ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚነሣ ዐውሎ ነፋስ ሳይታወቅ የሚደርስ መቅሠፍት አይደለም። የባሕሩ ሙቀት ከ26 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙ እንፋሎት ይወጣል፤ ሌላውም ሁኔታ ከገጠመ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ደመናውም እየዞረ ይሰበሰባል። ይህን ሳተላይት ከላይ ይመለከታል፤ በኒው ዴልሂ ያለው የሜቴዎሮሎጂ ማእከልም አካሄዱን ለየአገሩ ያስታውቃል።

ሳጋር የተባለው ዐውሎ ነፋስ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት 8 ቀን ተፈጥሮ፣ በ11 ቀን የሶማሊያን ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ መታ። ማእከሉ በጂቡቲ ከተማ ላይ ባያልፍም፣ ዝናቡ ከተማይቱን አጥለቀለቃት። ስለዚህ «መንገዱ በሌላ በኩል ነው» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የባልባላ መሬት ድንጋያማ ስለ ኾነ ውሃው ሳይሰርግ ወደ አምቡሊ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ ዘወትር ደረቅ መኾኑ ሰውን ያታልላል፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የደረሰውም ጎርፍ ይህን አስረድቷል።

እንግዲህ ማስታወቂያ ሲነገር፣ በወንዙ ዳር ያለ ሰው ሳይመሽ ከፍ ወዳለ ስፍራ ይውጣ፤ ቆርቆሮውን ያጥብቅ፤ የሚጠጣውን ውሃ ከድኖ ያኑር፤ ጎርፉንም ለመሻገር አይድፈር። ሹማምንትም ቃሉን በሶማልኛና በአፋርኛ እስከ መጨረሻው ጎጆ ድረስ ያሰሙ ዘንድ ይገባል፤ ሰው ያልሰማው ማስታወቂያ ማንንም አያድንምና።