የሊሾ ወለል ንጽሕናና አያያዝ

በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ያዘጋጀነው ትምህርት ስለ ቤት ወለል ነው። ስለ መጠጥ ውኃ፣ ስለ ምግብና ስለ መጸዳጃ ቤት ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ነገር ግን ሕፃን ዳዴ የሚልበትና የወደቀውን ዳቦ አንሥቶ ወደ አፉ የሚያደርስበት ስፍራ ወለሉ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሱ የሚጻፈው ጥቂት ነው። ከላፍቶ እስከ ለቡ፣ ከጀሞ እስከ ሐና ማርያም ባሉት ሠፈሮች ለጤና ትምህርት ቤት ለቤት ስንዘዋወር ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ወለል ሊሾ ስለ ሆነ፣ ንግግራችንን በእርሱ ላይ እንወስናለን።

ሊሾ የሚለው ቃል ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ለስላሳ» ማለት ነው። በረኪናና አቸቶ የሚሉትም ቃላት የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው። እነዚህ ሦስቱ የአንድ አገር ልጆች በአንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ግን እንደማይስማሙ ዝቅ ብለን እናስረዳለን።

የሊሾ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሲሚንቶና አሸዋ ተቦክቶ በወለሉ ላይ ከተደለደለ በኋላ፣ ገና ሳይደርቅ ንጹሕ ሲሚንቶ በላዩ ይደረግበትና በብረት መሣሪያ እየታሸ ይለሰልሳል። እንግዲህ ዓይናችን የሚያየው አብረቅራቂ ገጽ ስስ የሆነ የሲሚንቶ ቆዳ ነው ማለት ነው። ይህን ማወቅ እጅግ ይጠቅማል። እኛ ለትምህርት በውጭ አገር በነበርንበት ጊዜ በትልልቅ መደብሮችና በሕዝብ መሰብሰቢያ አዳራሾች ያየነው የተወለወለ ኮንክሪት ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ወፍራሙ ኮንክሪት ራሱ አልማዝ ባለበት መፍጫ ተፍቆ፣ ሲሊኬት በሚባል ፈሳሽ እንዲጠጥር ተደርጎ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ወለሉ ሲደበዝዝ ፍቆ ማደስ» የሚለውን የውጭ አገር ምክር አንብቦ ሊሾውን የሚፍቅ ሰው፣ ያለውን አንዱን ቆዳ ገፍፎ አሸዋውን ያወጣዋል።

የሲሚንቶ ወለል ለጤና የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። የቁንጫ ዕንቍላል ከእንስሳው ላይ ረግፎ ወደ ወለል ይወድቃል፤ ከዚያም የሚፈለፈለው ትል በአፈርና በስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ጕድፍ እየበላ ያድጋል። ሙጀሌም የምትራባው በአፈር ውስጥ ነው። የወስፋት ዕንቍላል ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቈያል። በሜክሲኮ አገር በኮዋዊላ ክፍለ ሀገር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000፣ የአፈር ወለል ላላቸው ድኾች ሲሚንቶ የማፍሰስ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ስሙም ፒሶ ፊርሜ፣ ማለት «ጽኑ ወለል» ይባላል። ውጤቱን የመረመሩ ሊቃውንት በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የቤቱ ወለል በሙሉ ከአፈር ወደ ሲሚንቶ ሲለወጥ በሕፃናት ላይ የሚታየው የአንጀት ጥገኛ ትላትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ መቀነሱን ገልጸዋል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህን ጥቅም የሚሰጠው የወለሉ ማብረቅረቅ ሳይሆን ያልተሰነጠቀና ብናኝ የማያወጣ መሆኑ ነው። ቆዳው የተበላ ሊሾ ወደ አፈር ወለልነት መመለስ የጀመረ ወለል ነው።

ይህም እንዴት እንደሚሆን ባለፈው ዓመት በላፍቶ በአንዲት በዕድሜ የገፉ መምህርት ቤት ተመልክተናል። ቤቱ ንጹሕ፣ መጋረጃው የታጠበ፣ ዕቃው በየቦታው የተደረደረ ነበር። ነገር ግን «ልጄ፣ በየቀኑ በባልዲ ውኃ እያጠብሁት፣ በየሳምንቱም በረኪና እያፈሰስሁበት ዐቧራው አላልቅ አለኝ፤ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲሉ ጠየቁን። እጃችንን በወለሉ ላይ አሻሽተን ብናየው፣ በጣታችን ላይ የቀረው እንደ ዱቄት የላመ ግራጫ ብናኝ ነው። የመንገድ ዐቧራ አልነበረም፤ ወለሉ ራሱ ነበር።

«እትዬ፣ ከበረኪናው ሌላ የሚያፈሱበት ነገር ይኖር ይሆን?» ብንላቸው፣ ለመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የተገዛ አሲድ አወጡና አሳዩን። የሻይና የወጥ እድፍ ባስቸገራቸው ጊዜ ጠብ ያደርጉበታል። ፈሳሹ ወለሉን ሲነካ ነጭ አረፋ እያወጣ ስለሚፈላ «እድፉን በላልኝ» ይሉ ነበር። የበላው ግን ሲሚንቶውን ነው። ሲሚንቶ በውስጡ ኖራ አለበት፤ አሲድ ደግሞ ኖራን ያሟሟል። ኖራው ሲሟሟ የአሸዋው ቅንጣት የሚይዘው አጥቶ ይበተናል። ሎሚና አቸቶ፣ የፈሰሰ ጠጅና ጠላም ኀይላቸው ያነሰ ይሁን እንጂ ሥራቸው ያው ነው፤ ፈስሰው ካደሩ ሊሾው ላይ የማይለቅ ሻካራ ምልክት ይተዋሉ። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ለማሳየት ቢፈልጉ፣ ከአሮጌ ሲሚንቶ ልስን የተሰበረ ቍራጭ አንሥተው አንድ ጠብታ ሎሚ ቢያንጠባጥቡበት ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። የኖራና የአሲድ ትምህርት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ከሚጻፍ ይልቅ በዚህ ይገባል።

ከወለሉ መበላት ይልቅ ያስደነገጠን ግን ሌላ ነገር ነበር። መምህርቷ አንድ ቀን በረኪናውንና አሲዱን በአንድ ባልዲ ቀላቅለው እንደ ነበርና ጕሮሯቸውን እንዳነቃቸው፣ ዓይናቸውንም እንዳቃጠላቸው ነገሩን። «ጠንካራ ስለ ሆነ ነው ብዬ መስኮቱን ዘግቼ ጨረስሁት» አሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቤልጅግ አገር በኢፕር ግንባር ወታደሮችን ለመፍጀት የተለቀቀው ጋዝ ነው። ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሕፃንና ጐንበስ ብሎ የሚያጸዳ ሰው ቀድመው ይጐዳሉ። ከአቸቶና ከሎሚ ጋርም ቢሆን በረኪናን መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም። ይህ አደጋ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ውጭ አየር መውጣት፣ ዓይኑን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወውም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በዚያው ላይ፣ በብዙ ቤት በረኪና ተቀድቶ የሚቀመጠው በውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። የተጠማ ልጅ ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ለበረኪና ምልክት የተጻፈበት የራሱ ዕቃ ሊኖረውና ልጅ በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። የጠጣ ልጅ ቢኖር እንዲያስታውክ ማስገደድ ጕሮሮውን ሁለተኛ ማቃጠል ስለ ሆነ አይደረግም፤ አፉን አጕመጥሙጦ ዕቃውን ይዞ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

የየዕለቱ ጽዳት ከሚታሰበው ይልቅ ቀላል ነው። የሊሾ ትልቁ ጠላት በጫማ የሚገባው አሸዋ ነው፤ በእግር ሲታሽ እንደ ሞረድ ቆዳውን ይፍቀዋል። ስለዚህ በበር ላይ የጫማ መጥረጊያ ጆንያ ማንጠፍ ከማናቸውም የወለል መድኀኒት ይበልጣል። መጥረግ በለስላሳ መጥረጊያ ይሁን። ዐቧራ እንዳይነሣ፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት፣ እርጥብ ጨርቅ በመጥረጊያው ላይ ጠምጥሞ መጥረግ መልካም ነው። ከዚያም ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በለብታ ውኃ በጥብጦ፣ በደንብ በተጨመቀ መወልወያ መወልወል፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውኃ ደግሞ መወልወል ይበቃል። ሳሙና በዝቶ ሳይለቀለቅ ከቀረ ወለሉን ያደበዝዘዋል፤ ይህን ያየ ሰው ደግሞ ሳሙናው አንሶ ነው ብሎ ሌላ ይጨምራል።

በባልዲ ውኃ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን አንመክረውም። በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የሚያፈስሰው ውኃ በስንጥቅና በቱቦ ዙሪያ ሰርጎ የታችኛውን ጐረቤት ኮርኒስ ያበሰብሳል። በአንድ ሕንፃ በዚህ ነገር የተነሣ ለወራት ሰላምታ የተነፋፈጉ ሁለት ቤተ ሰቦች አውቀናል፤ ጥፋቱ የቱቦው ይሁን የባልዲው ዛሬም አልተለየም።

በረኪና የየዕለት ማጽጃ ሳይሆን ለበሽታ ጊዜ የሚቀመጥ መድኀኒት ነው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ በተከሠተ ጊዜ ይህ ልዩነት ለብዙ ሰው ግልጽ ሆኖ ነበር። ትውከት፣ ተቅማጥ ወይም ደም በወለሉ ላይ ቢፈስስ፣ በመጀመሪያ ጓንት አድርጎ በጨርቅ አንሥቶ መጣል ነው። ከዚያም ባለ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ ማፍሰስ፣ ለ10 ደቂቃ መተው፣ በኋላም በውኃ ማጽዳት ይገባል። ለፋሲካ ዶሮ ሲታረድና ሲበለት ለሚረክሰው የወጥ ቤት ወለል ግን አስቀድሞ በሳሙና ከታጠበ በኋላ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና በግማሽ ሊትር ውኃ ይበቃዋል። እድፍ ባለበት ላይ የሚፈስስ በረኪና ኀይሉን በእድፉ ላይ ስለሚጨርስ፣ ሳሙናው መቅደሙን መዘንጋት አይገባም።

ቡና የሚፈላበትን ጥግ እንለይ። ፍም የያዘ ምድጃ በቀጥታ በሊሾ ላይ ሲቀመጥ፣ በሲሚንቶው ውስጥ ያለው እርጥበት በሙቀት እየሸሸ ገጹ ይላጣል። ከሥሩ ጡብ ወይም በአሸዋ የተሞላ ትሪ ማድረግ ነው። ቄጠማው ደግሞ ያማረ ልማዳችን ስለ ሆነ ይጐዝጐዝ፤ ነገር ግን እርጥብ ሆኖ ከሰነበተ አረንጓዴ እድፍ ይተዋል፣ ለነፍሳትም መሸሸጊያ ይሆናል። ማታ እንግዳው ሲሄድ ቢጠረግ ደስታው አይጐድልም።

አሁን ወደ ስንጥቅ እንምጣ፤ በእኛ አካባቢ ዋናው ችግር ይህ ነውና። በደቡባዊው የአዲስ አበባ ክፍል ብዙው መሬት ጥቍር መረሬ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። የተሠራበትንም ቤት አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮም ያወርደዋል። ስለዚህ በየዓመቱ በዚያው ቦታ የሚከፈተውን ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን ብቻውን ድካም ነው። አስቀድሞ የጣራው ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከግድግዳው እንዲርቅ፣ በቤቱም ዙሪያ ወደ ውጭ የሚያዘነብል ቦይ እንዲኖር ማድረግ ያሻል። ባሕር ዛፍም ከቤት አጠገብ አይተከል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ በበጋ ስንጥቁን በመሮ ሰፋ አድርጎ፣ ብናኙን አውጥቶ፣ አርሶ፣ በሲሚንቶና በደቃቅ አሸዋ መሙላት ነው። እርጥበት ከሥር ይወጣ እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ፣ አንድ ክንድ ያህል ላስቲክ በወለሉ ላይ አንጥፎ ዳሩን በፕላስተር አጣብቆ ለአንድ ቀን ይተወው። ሲነሣ ከሥሩ ላብ ካለ ወለሉ ውኃ እየሳበ ነው።

እንዲህ ባለው እርጥብ ወለል ላይ ሰም መቀባት ገጹን ያነጣዋል። ስለዚህ የሰም ጊዜው ዝናቡ አልፎ ወለሉ ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሰም እጅግ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲደርቅም በደረቅ ጨርቅ መወልወል ነው። የውኃ ጠብታ በወለሉ ላይ ሳይሰርግ ከቆመ ገና ሰም አለውና መጨመር አያስፈልግም። አንዳንዶች ሰም በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ እሳት ላይ ያቀልጣሉ፤ ይህ ቤት ማቃጠል ነው። በናፍጣ መወልወልም ሽታውን ለቤተ ሰቡ ሳንባ መስጠት ነው። አረጋውያን ባሉበት ቤት ከመታጠቢያ ቤት በር እስከ መኝታ ባለው መንገድ ላይ ሰም ባይደረግ እንመርጣለን፤ በሽምግልና ዘመን የዳሌ አጥንት ስብራት ብዙውን ሰው አልጋ ላይ ያስቀራልና።

የመምህርቷ ወለል በሰም የሚድን አልነበረም። አሮጌው ገጽ ተቧጥጦና ርሶ አዲስ ልስን እንዲደረግበት፣ ከዚያም ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ እንዲቈይ መከርናቸው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ውኃን በመጠጣት ስለ ሆነ፣ ግንበኛው «ነገ ግቡበት» ቢልም አለመቸኰል ነው። እርሳቸውም ሳምንቱን በወጥ ቤት አደሩ። አሁን ወለሉ በእጅ ሲታሽ ምንም አይለቅም፤ በበሩ አጠገብ ግን የልጅ ልጃቸው በዚያው ዕለት ማታ የረገጠበት የአንድ እግር ምልክት አለ፣ እንዲደፈንም አልፈቀዱም።