መድኃኒቱ በቀጥታ ሳንባ ውስጥ ቢገባስ?

ዛሬ የማጫውታችሁ ከአጎቴ ጋር ስለተከራከርንበት ጉዳይ ነው። አጎቴ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝም ራሱ ነው። ሕክምና የጀመረው ዘግይቶ፣ ሰውነቱ በጣም ከተዳከመ በኋላ ስለነበር፣ ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱ ጋር ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ክኒን በየቀኑ እንዲውጥ ታዘዘለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ኮትሪሞክሳዞሉን ተወው።

"ለሳንባህ ነው አሉኝ፤ ታዲያ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? አንተ አስምህ ሲነሳ በአፍህ ትስበውና ወዲያው ይሻልሃል። ለኔም እንደሱ ይስጡኛ!" አለኝ።

እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። በማግስቱ የፀረ ኤድስ ክበባችንን የምታስተምረንን ነርስ ጠየቅኳት። "አጎትህ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሣው፤ እሱ ያለው ነገር ተሞክሮም ያውቃል" አለችኝ።

በሽታው ምንድን ነው?

ኒሞሲስቲስ የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው የሳንባ ምች ነው። በሐኪሞች አጠራር ፒሲፒ ይባላል። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙም ጉዳት አያደርስም። የመከላከል አቅም ሲዳከም፣ በተለይ ሲዲ4 ከ200 በታች ሲወርድ ግን ይገድላል። ምልክቶቹ ደረቅ ሳል፣ ትኩሳትና ዳገት ሲወጡ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር ናቸው። ኤድስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 1981 ሲሆን፣ ዘገባው በዚሁ በሽታ ስለታመሙ 5 የሎስ አንጀለስ ወጣቶች ነበር።

የሚሳበው መድኃኒት

ፔንታሚዲን ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ለመከላከያነት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። 300 ሚሊ ግራም በውኃ ተበጥብጦ በመሣሪያ እንደ ጉም ይደረጋል፤ ታማሚው በ4 ሳምንት አንዴ ይስበዋል። ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ስለሆነ፣ በመርፌ ሲሰጥ የሚያመጣው የኩላሊት ጉዳት ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን ተመራጭ አልሆነም?

1. ጉሙ በሳንባ ሁሉ እኩል አይዳረስም። ወደ ላይኛው ክፍል የሚደርሰው ትንሽ ስለሆነ በሽታው እዚያ ሊነሣ ይችላል።
2. ፈንገሱ አልፎ አልፎ ከሳንባ ወጥቶ ሌላ የሰውነት ክፍል ያጠቃል። ጉሙ እዚያ አይደርስም።
3. ሳል ይቀሰቅሳል። ታማሚው ቲቢ ካለበት አብረውት ላሉት ሊያስተላልፍ ይችላል። እንደኔ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ደረቱን ሊያፍነው ይችላል።

ኮትሪሞክሳዞል ግን ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ደም ደግሞ የማይደርስበት የሳንባ ክፍል የለም። በዚያ ላይ ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለውን የአንጎል በሽታ ጭምር ይከላከላል። ፔንታሚዲን የሚሳበው በአብዛኛው ኮትሪሞክሳዞል ለማይስማማቸው ሰዎች ነው።

ማታ ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና "ለካ ሆዴ መንገድ ነው እንጂ ማረፊያ አይደለም!" ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክኒኑን እንደገና ጀመረ። "ሲዲ4ህ በደንብ ሲጨምር ልናቆመው እንችል ይሆናል፤ ጊዜውን የምንነግርህ ግን እኛ ነን" ብለውታል።

በክበባችሁ ተወያዩበት

ሀ. አጎቴ ክኒኑን ከመተው በፊት ምን ማድረግ ነበረበት?
ለ. ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ቢኖር፣ ሳትቆጡ እንዴት ታስረዱታላችሁ?