ናዳ የሚያሰጋውን ተዳፋት በካርታ መለየት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ብዙዎቹ ያለቁት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ ወርዶባቸው ነው። በእንጦጦና በወጨጫ ግርጌ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በሰበታ ዙሪያም ተዳፋት ይታረሳል፤ ለቤትና ለመንገድ ይቆረጣል። ስለዚህ የሚያሰጋውን ቦታ አስቀድሞ መለየት ይገባል።

ጂኦግራፊያዊ የመረጃ ሥርዓት በኮምፒዩተር አንዱን ካርታ በሌላው ላይ ይደርባል። የምንደርባቸውም፦

1. የተዳፋቱ መጠን፣
2. የአፈርና የዐለት ዓይነት፣
3. ወንዝና ምንጭ፣
4. የመሬት አጠቃቀምና መንገድ፣
5. ቀድሞ ናዳ የወረደባቸው ቦታዎች ናቸው።

ለእያንዳንዱ እንደ ክብደቱ ነጥብ ሰጥተን ስንደምር መሬቱ በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ሥጋት ይከፈላል።

አምስተኛውን የሳተላይት ምስል ብቻውን አያሟላም፤ እርሻ የድሮ ናዳን ይሸፍናልና። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሽማግሌዎችን ጠይቆ፣ መሬት የተሰነጠቀበትን፣ ዛፍ ያዘነበለበትንና አዲስ ምንጭ የፈለቀበትን በጂፒኤስ ይመዝግብ።

ከፍተኛ ሥጋት ባለበት ተዳፋት ውኃ የሚያቁር እርከን እንዳይሠራ እንመክራለን። ይህ እርከን በሌላ ቦታ አፈር ቢጠብቅም፣ እዚህ ውኃ አስርጎ መሬቱን ያከብደዋል፤ ያላላዋልም። በምትኩ ማኅበሩ ከተዳፋቱ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሮ ውኃውን ወደ ተዘጋጀ መውረጃ ይምራ። በክረምት ስንጥቁ ሲሰፋ ከሥሩ ያሉ ቤተሰቦች ወዲያው ይውጡ። ናዳ ከወረደም በኋላ ከላይ የቀረው መሬት ሳይታይ ማንም ለቁፋሮ አይግባ።