የመጀመሪያዋ ማንኪያ

በቆቦ አካባቢ ባለችው ጎብዬ ከተማ ታሞ ሆስፒታል የከረመ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። አንዱ «እግዜር ይማርህ»፣ ሌላው «አላህ ያሽርህ» እያለ ይገባል። ቡና ይፈላል፣ አጥሚት በኩባያ ይቀርባል። ከዚያ የሁሉም ዓይን ሕመምተኛው አፍ ላይ ያርፋል። «በል ጠጣ፣ ጉልበት የሚመጣው ከምግብ ነው!» እሱ አንዴ ፉት ሲል ትን ይለዋል፣ ያስላል፣ ኩባያውን ይገፋል። «አይ፣ ይሄ ሰው ተስፋ ቆርጧል» ተብሎ በሹክሹክታ ይወራል።

ወንድሜ፣ ተስፋ አልቆረጥክም። መዋጥን እንደገና እየተማርክ ነው!

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳለህ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍህ ገብቶ በድምፅ አውታሮችህ መካከል አልፎ ነበር። ቱቦው ቀናት ሲቆይ ጉሮሮ ይቆስላል፣ ይደነዝዛል። ሥራ የፈቱት የመዋጫ ጡንቻዎችም ይሰልላሉ። አንዲት ጉንጭ ውሃ ለመዋጥ ትንፋሽ ለቅጽበት መቆም፣ የአየሩ መንገድ መዘጋት፣ የምግቡ መንገድ መከፈት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ጥቂት ከዘገየ ውሃው ወደ ሳንባ ያመራል። ስለዚህ ኩባያውን ስትገፋ ሰውነትህ ራሱን እየጠበቀ ነው፤ በዚህ አትፈር።

የማሽላ አገር ሰው አቀንጭራ የሚባለውን አረም ያውቀዋል። ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቱ በፊት ሥሩን ይዞ የማሽላውን ጉልበት ይመጠምጣል። ትንታም እንዲሁ የተደበቀ ዓይነት አለው። ጉሮሮ ከደነዘዘ ምግብ ሰውየውን ሳያስለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። «አላሳለም» ማለት «ደህና ዋጠ» ማለት አይደለም። ሕመምተኛው ከበላ በኋላ ድምፁ ውሃ እንደያዘ የሚንቦራጨቅ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ወይም የሚያተኩሰው ከሆነ ምግቡን አቁማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ቆቦ ሆስፒታል ውሰዱት።

አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዝርያ ተገኝቷል፤ ስሙም «ጎብዬ» ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የደከሙበት ምርምር ውጤት ነው። ብልሃቱ ደስ ይለኛል፦ ይህ ማሽላ የአቀንጭራን ዘር ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል ከሥሩ የሚያወጣው በጣም ጥቂት ብቻ ነው። ጠላቱን አይቀሰቅስም!

አንተም እንዲሁ ትንታን አትቀስቅስ። ባለሙያ አይቶህ በአፍ መመገብ ከፈቀደልህ ተኝተህ አትጉረስ፣ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። በአፍህ ያለውን ሳትውጥ አታውራ፣ ሌላም አትጨምር። ከበላህ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትጋደም ቆይ። አፍህን ጠዋትና ማታ አጽዳ፤ ከቆሸሸ አፍ ወደ ሳንባ የገባ ምራቅ ሊያሳምም ይችላልና። ቀጭን ውሃ ፈጥኖ ስለሚወርድ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው እሱ ነው። እርጎ ወይም ለስለስ ያለ ገንፎ የሚቀለው ሰው አለ። የትኛው ላንተ እንደሚሆን ግን ባለሙያው ይወስን። ቆሎው፣ ንፍሮው፣ ደረቁ የማሽላ እንጀራ ይቆዩህ። በአፍንጫ በገባ ቱቦ የምትመገብ ከሆነም አንገትህን አትድፋ፤ ጉሮሮህ እስኪበረታ የሚያሻግርህ ድልድይ ነው።

ደግሞ ይህን ስማ፦ በአሜሪካ ከከባድ የሳንባ ጉዳት የተረፉ ሰዎች ለአምስት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከሆስፒታል ሲወጡ ሲሶ ያህሉ መዋጥ ይቸግራቸው ነበር። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ተሻላቸው፤ ከአራት አንድ ለሚሆኑት ከስድስት ወር በላይ ወሰደ። አምስቱ ዓመት ሲሞላ ግን ችግሩ ሁሉንም ለቋቸው ነበር። ሁሉንም! አንተም ትናንት ሁለት ማንኪያ፣ ዛሬ ሦስት ከዋጥክ መንገድ ላይ ነህ።

ሕመምተኛውን ልትጠይቁ የምትሄዱ ዘመዶች፣ ጉርሻችሁን እወደዋለሁ፤ ለጊዜው ግን አሳድሩት። በእሱ ፋንታ፣ ባለሙያው ከፈቀደለት፣ ትንሿን የሻይ ማንኪያ ያዙ፣ ወገቡን በትራስ ደግፉት። አንዴ አቅምሱትና ሲውጥ እዩት። ከዚያ ስሙን ጠርታችሁ እስኪመልስላችሁ ጠብቁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ማንኪያዋን እንደገና ሙሏት።