ስለ ጆሮና ስለ ልብ አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

አንባቢ ሆይ! በሚዛንህ ላይ ያለው ቡና ሲጎድል ወዲያው ታውቀዋለህ፤ የልብህ መጉደል ግን ሳይታወቅህ ያልቃል። አላህ ለአንድ ሰው በደረቱ ውስጥ ሁለት ልብ እንዳላደረገ በአሕዛብ ምዕራፍ ነግሮናል። እንግዲህ ያለህ አንድ ልብ ነው፤ እርሱንም ሰላትህ፥ ልጅህ፥ ደንበኛህና በኪስህ ያለው ስልክ ይካፈሉታል።

የመዲናን ጁሙዓ ተመልከት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው ኹጥባ ሲያደርጉ ከሻም እህል የጫነ ቅፍለት ደረሰ። ሰዉም ወደዚያ ጎረፈ፤ ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳወሩት 12 ሰዎች ብቻ ቀሩ። በዚህም ምክንያት የጁሙዓ ምዕራፍ 11ኛው አንቀጽ ወረደ። እነዚያ የሄዱት ሰሓቦች ነበሩ! እንግዲህ ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የደረሰ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ሲነፋ ከመስጊድ ውስጥ ልቡ የሚሮጥ ነጋዴ፥ እኔ ከእነርሱ እሻላለሁ አይበል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሰሚው ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ.) ሰዎችን ዒሻ ሲያሰግዱ 286 አንቀጽ ያላትን የበቀራን ምዕራፍ ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ በግመል ውሃ ሲያጠጣ የዋለ አንድ ሰው ከሰልፉ ተለይቶ ለብቻው ሰግዶ ሄደ። ነቢዩ ግን የገሠጹት ድካም ያሸነፈውን ሰው ሳይሆን ሙዓዝን ነበር፤ 15 አንቀጽ እንዳላት እንደ ሸምስ ያሉትን አጫጭር ምዕራፎች እንዲቀሩም አዘዟቸው።

ዐብደላህ ኢብኑ መስዑድም (ረ.ዐ.) ሰዎችን የሚመክሩት በየሐሙሱ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ምነው በመከሩን ቢላቸው፥ እንዳያሰለቹ እንደሚፈሩ ነገሩት፤ ነቢዩም ጊዜ እየመረጡ ይመክሩ ነበርና። እኔ ራሴ ኹጥባዬን አስረዝሜ የሰውን ጆሮ በከንቱ የጨረስኩበት ጁሙዓ ብዙ ነው። የተጫነ አህያውን ደጅ አስሮ የገባ ገበሬ እስከ መቼ ሊሰማኝ ኖሯል?

የጉባኤ ጆሮ የጋራ ገንዘብ ነው። በኹጥባ ጊዜ ጎረቤቱን «ዝም በል» ያለ ሰው እንኳ ከንቱ ነገር እንደ ተናገረ የተቆጠረው ስለዚህ ነው። በሰልፍ መካከል የሚጮኽ ስልክማ የባለቤቱን ልብ ብቻ አይወስድም።

የቀኑን ሒሳብ ሱቅህ ውስጥ ጨርሰህ ወደ ቤትህ ግባ። ማታ ልጅህ ከቁርአን ቤት የያዘውን ሊቀራልህ አጠገብህ ይቀመጣል፤ አንተ የሸጥከውንና ያበደርከውን ትቆጥራለህ። ሲጨርስ «ማሻአላህ» ትለዋለህ። እርሱ ግን ሁለት ቦታ ላይ መሳሳቱን ያውቃል፤ አንተም እንዳልሰማኸው ያውቃል።