የመስኖ ውሃ ልክ አለው

መስኖ ማለት ዝናብ በሌለበት ጊዜ ውሃን ከወንዝ፣ ከኩሬ ወይም ከግድብ በቦይ እየሳቡ ሰብል ማጠጣት ነው። ይህን ገበሬ ከእኛ ይልቅ አጥብቆ ያውቀዋል። ወንዝ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ሰው በአገራችን ከጥንት ጀምሮ አለ። ተራ የሚያሲዘው የውሃ አባትም የታወቀ ነው።

ነገር ግን ግድቡ ትልቅ፣ ባለማሳውም በሺህ የሚቆጠር ሲሆን ውሃን በዓይን ግምት ማደል አይቻልም። መለካት ግድ ይሆናል። ስለዚህ የመንግሥት መስኖ ባለበት ቦታ የውሃ መሐንዲስ ይመደባል። እኛ በዩኒቨርሲቲ የተማርነውን የዚህን ሰው ሥራ እስቲ አብረን እንመልከት።

በጎጃም፣ በሜጫ፣ ከመራዊ ከተማ አቅራቢያ የቆጋ ግድብ አለ። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይም ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። ግድቡ ከአፈር የተሠራ ሲሆን ከፍታው 21 ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይዞ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ነው።

አንድ ሜትር ኩብ ማለት ርዝመቱ፣ ወርዱና ጥልቀቱ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ የሚይዘው ውሃ ነው። ይህም 1 ሺህ ሊትር ወይም ባለ 20 ሊትር 50 ጀሪካን ይሆናል።

እንግዲህ እናስላ። የግድቡ ውሃ ለመሬቱ ሲካፈል ለአንድ ሄክታር 12 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ይደርሳል። ሰብሉስ ምን ያህል ይጠጣል? በበጋ ፀሐይ አንድ ሄክታር ስንዴ በአማካይ በቀን 50 ሜትር ኩብ ይፈልጋል ብንል፣ በ4 ወር ወይም በ120 ቀን 6 ሺህ ሜትር ኩብ ይጨርሳል። ታዲያ ግማሹ ሊተርፍ ነው ማለት ነው? አይደለም። ውሃው ከግድቡ እስከ ማሳው ረጅም መንገድ ይሄዳል። በተሰነጠቀ ቦይ ይሰርጋል። በደለልና በሣር ይታገዳል። መዝጊያው ተከፍቶ ሲያድር ወደ ገደል ይፈሳል። ግማሹ በመንገድ ከጠፋ፣ ሰብሉ 6 ሺህ እንዲያገኝ 12 ሺህ መልቀቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ግድቡ አለኝ የሚለው ሁሉ አለቀ። በዚያ ላይ ፀሐይ ከግድቡ ፊት የምታተነው አለ። ከሥር የሚቀርና የማይወጣም አለ።

የመሐንዲሱ ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት በግድቡ ውስጥ የቀረውን ውሃ ከመለኪያው ላይ ያነባል፤ በመዝገብም ያሰፍራል። የተዘራውን ሰብል ዓይነትና ስፋት ይዞ ለሳምንቱ የሚለቀቀውን ውሃ ያሰላል። ቦዩን ተከትሎ በእግሩ ይሄዳል። የቆጋ ዋና ቦይ ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የት እንደተሰነጠቀ፣ የት ደለል እንደሞላ ያያል። በዋናው ቦይ ውሃ ሌሊትም ስለሚሄድ፣ የሌሊቱን ውሃ የሚያጠራቅሙ ኩሬዎች አሉ። ገበሬው ቀን የሚያጠጣው ከነሱ ነው። ኩሬው ቢያፈስ ወይም በደለል ቢሞላ የሌሊቱ ውሃ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ተራም የሚሰላው በዚሁ ልክ ነው። አንድ ሄክታር 4 ጥማድ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ጥማድ በቀን 12 ሺህ 500 ሊትር ይሻል። ተራው በየ8 ቀኑ ከሆነ በአንድ ተራ 100 ሺህ ሊትር ያስፈልገዋል። ቦዩ በሰከንድ 30 ሊትር ካመጣ ይህ ውሃ 1 ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። ከዚያ በላይ የሚፈሰው ለሰብሉ አይጠቅምም፤ የጎረቤት ድርሻ ነው።

የሚጎዳው ማን ነው? በቦዩ ጫፍ ያለው ነው። በግድቡ አጠገብ ያለው ገበሬ ሌሊት መዝጊያ ከፍቶ ቢተኛ፣ ከታች ያለችው ባሏ የሞተባት እናት ሽንኩርቷ ሥር ሳይሰድ ይደርቅባታል። ዘሩን በብድር ገዝታ ከሆነ ደግሞ ዕዳው ብቻ ይቀራታል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የተባለው በሷ ይደርሳል። በውሃ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ ሰው የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

ውሃ ያበዛውም ራሱ አይተርፍም። እዚህ ላይ ከጎጃም ወጥተን ወደ አዋሽ ሸለቆ እንሂድ። በአፋር ምድር፣ በአሚባራና በመልካ ሰዲ፣ ከአዋሽ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ ሰፊ የጥጥ እርሻ ይለማ ነበር። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መሬቱ ጨው ማውጣት ጀመረ። ብዙ ማሳም ከእርሻ ውጪ ሆነ። ምክንያቱ ምንድን ነው? የወንዝ ውሃ ጥቂት ጨው ይይዛል። ማሳው ያለ ልክ ሲጠጣ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ከፍ ይላል። ወደ ላይ ሲቀርብ አፈሩ ውሃውን ይስበዋል፤ ልክ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ነው። ፀሐይዋ ውሃውን ስታተነው ጨው ብቻ ይቀራል። ጨው በበዛበት መሬት ዘር አይበቅልም። በኋላ ትርፍ ውሃ የሚያወጣ ማንጣፈፊያ ከመሬት በታች ተቀበረ። ይህ ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቀድሞ በልክ ማጠጣት ይቀላል።

መሐንዲሱ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊጠብቅ አይችልም። አንድ ሰው በየመዝጊያው ቆሞ አያድርም። ስለዚህ ባለማሳዎች ራሳቸው በማኅበር ሆነው ተራውን ሊያስከብሩ፣ ደለሉን ሊጠርጉ ይገባል። ለዚህም የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ወጥቷል።

ማንበብ መቻላችሁ የሚረዳው ለዚህ ነው። በቦዩ ዳር ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ካለ እናንተም ታነባላችሁ። የተራ መዝገብ ሲጻፍ ስማችሁ፣ ቀናችሁና ሰዓታችሁ በትክክል መስፈሩን ታያላችሁ። «ተራህ አልፏል» የሚል ሰው ቢመጣ መዝገቡን አምጣ ትሉታላችሁ። መሐንዲሱም ቢሳሳት ቁጥሩን አሳይታችሁ ትጠይቁታላችሁ። በቃል የነበረው ክርክር በጽሑፍ ይዳኛል። የደካማዋም ድርሻ የጉልበተኛውም ድርሻ በአንድ ገጽ ላይ እኩል ይነበባል።

መወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ውሃ በመንገድ የሚጠፋው በምን ምክንያት ነው?

2. ተራው በየ8 ቀኑ ከሆነ ለ3 ጥማድ በአንድ ተራ ስንት ሊትር ያስፈልጋል?

3. ያለ ልክ የጠጣ መሬት ጨው የሚያወጣው እንዴት ነው?

4. በቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ ድርሻው እንዳይቀርበት ማኅበሩ ምን ማድረግ አለበት?